ያ አሮጌ የፉቲ ማሊያ የማን ነው? የግዛቶች ግጥሚያ ማሊያን ደረጃ በደረጃ መለየት

ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋው ማሊያ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። ደረቱ ላይ ከትከሻ እስከ ሆድ የሚወርድ ትልቅ ነጭ "ቪ" አለው። ጀርባው ላይ 14 ቁጥር ተሰፍቶበታል። ያገኘሁት ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ካለ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። ሻጩ "የ1950ዎቹ የቪክቶሪያ ማሊያ ነው፤ ትልቅ ተጫዋች የለበሰው" ብሎ ነው የሸጠልኝ። ሰውየው የሰማውን ነው የነገረኝ፤ አልቀየምኩትም። ማሊያው ግን ሲጠየቅ ሌላ ነገር ተናገረ።

እንዲህ ዓይነቱን ማሊያ እንዴት እንደምንጠይቀው ልንገራችሁ። አውስትራሊያ ያላችሁ ኦፕ ሾፕ (ለበጎ አድራጎት የተለገሱ አሮጌ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ) ስትገቡ፣ ወይም ጎረቤታችሁ የሆኑ አንድ አዛውንት "ይሄን ከአባቴ ሳጥን አገኘሁት" ሲሏችሁ ይጠቅማችኋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ፉቲ በሞላላ ሜዳ፣ በሞላላ ኳስ፣ በአንድ ወገን 18 ሰው ሆኖ የሚጫወቱት የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው። የመጀመሪያው ሕጉ በ1859 ሜልበርን ውስጥ ተጻፈ። ክለቦች በየሳምንቱ ይጋጠማሉ። ከክለብ በላይ ደግሞ የግዛት ቡድን ነበር። ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጋጠሙት በ1879 ነው። ቀስ በቀስ ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ታዝማኒያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስና ኩዊንስላንድም ገቡበት። ጁላይ 1 ቀን 1989 ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ሲጫወቱ የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ 91,960 ሰው ይዞ ነበር። ከ1999 በኋላ ግን ግጥሚያው በየዓመቱ መካሄዱ ቀረ። እንግዲህ የምናወራው ስለ 120 ዓመት ማሊያ ነው። አንድ ምልክት ብቻ አይቶ መፍረድ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

1. አትጠቡት

ይህን ያስቀደምኩት ስላቃጠለኝ ነው። ከዓመታት በፊት ጥቁርና ወርቃማ የሆነ የምዕራብ አውስትራሊያ ማሊያ አገኘሁ። አቧራው አስጠላኝና ለብ ባለ ውሃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ሱፉ ተኮማትሮ ጠጥሯል። ጥቁሩ ወርቃማው ላይ ፈሷል። አንገቱ ውስጥ በቀለም ተጽፎ የነበረው ስም ደግሞ ጠፍቷል። ስሙን ሳልጽፈው ነው ያጠብኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እጃችሁን ብቻ ታጠቡና አድርቁ። ነጭ አንሶላ ዘርጉ። ማሊያውን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ በጀርባውም በደረቱም ፎቶ አንሱት። ከዚያ ገልብጡት። የአሮጌ ማሊያ ዋናው ነገር ያለው በውስጡ ነው።

2. ጨርቁን ለዩ

ሱፍ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ከውስጥ ስፌቱ ዳር ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ክር በመቀስ ቁረጡ። በቆርቆሮ ላይ፣ በወረንጦ ይዛችሁ ለኩሷት። ሱፍ ከሆነች ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ትሸታለች፤ አመዷም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ፖሊስተር ከሆነች ቀልጣ እንደ ዶቃ ትደርቃለች። ፖሊስተር ልብስ ውስጥ በብዛት የገባው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ፖሊስተር የተቀላቀለበት ማሊያ የ1930ዎቹ ሊሆን አይችልም። ወደ ኋላ ግን አይሠራም፦ ሱፍ ስለሆነ ብቻ አሮጌ ነው አይባልም። የሱፍ ማሊያ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ይለበስ ነበር።

ባንክ ቤት ብር የሚመረመርበትን ወይን ጠጅ መብራት ታውቁታላችሁ። ትንሿ በርካሽ ትገኛለች። ክፍሉን አጨልሙና ማሊያው ላይ አብሩበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጡ የልብስ ሳሙናዎችና ብዙ ሰው ሠራሽ ክሮች በዚህ መብራት ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ። ጠቅላላው ማሊያ ቢያበራ ብዙ አትደነቁ፤ አንድ ሰው በቅርብ ጊዜ በሳሙና አጥቦት ይሆናል። መጠርጠር ያለባችሁ የቁጥሩ ክር ብቻውን ሲያበራ ነው። ያ ቁጥር በኋላ የተሰፋ ነው ማለት ነው።

3. አንገቱንና እጅጌውን እዩ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተጫዋቾች ከላይ በክር የሚታሰር፣ እጅጌ የሌለው የሸራ ሰደርያ ይለብሱ ነበር። ከዚያ የሱፍ ሹራብ መጣ፤ እጅጌው ረጅም፣ አንዳንዱ ኮሌታ ያለው። እጅጌ የሌለው ማሊያ ዋናው ልብስ የሆነው ወደ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። ይህ አመት በዓመት የሚለይ መስፈርት አይደለም። ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ለረጅም ጊዜ ኖረዋል፤ ብርድ የሚፈራ ተጫዋች ረጅሙን ይመርጣል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የኒው ሳውዝ ዌልስ ቀለም ውሃ ሰማያዊ ነው፤ የኩዊንስላንድ ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ነው። እነዚህ ሁለት ግዛቶች በራግቢም በተመሳሳይ ቀለም ይጫወታሉ፤ እዚያ ያለው ሕዝብም ከፉቲ ይልቅ የራግቢ ነው። ወፈር ያለ ጨርቅ፣ ጠንካራ ነጭ ኮሌታና ረጅም እጅጌ ካያችሁ መጀመሪያ ራግቢን ጠርጥሩ።

4. የአንገቱን ማርክ አንብቡ

ከአንገቱ ጀርባ በውስጥ በኩል የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅ ከማንም ምስክር በላይ ናት። እነዚህን ፈልጉ።

የክር ልቃቂት የሚመስል፣ በጥቁር መስመሮች የተሠራ የሱፍ ምልክት አለ። ብዙዎቻችን ኮት ላይ አይተነዋል፤ "ዉልማርክ" ይባላል። ይህ ምልክት የወጣው በ1964 ነው። እሱ ያለበት ማርክ ከዚያ አይቀድምም።

አድራሻ ካለው አራት አሃዝ ያለው የፖስታ ቁጥር ፈልጉ። አውስትራሊያ ይህን ቁጥር የጀመረችው በ1967 ነው።

ቀጥሎ የልብሱ መጠን። አውስትራሊያ ወደ ሜትር መለኪያ ለመዞር ሕግ ያወጣችው በ1970 ሲሆን፣ ለውጡ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ተከናወነ። 36፣ 38፣ 40 የሚል መጠን ኢንች ነው። 90፣ 95፣ 100 ካለ ሴንቲ ሜትር ነው።

የሠሪው ስምም ይረዳል። ለምሳሌ ፎይ ኤንድ ጊብሰን ሜልበርን፣ ኮሊንግዉድ ውስጥ የራሱ የሱፍ ፋብሪካዎች የነበሩት ትልቅ መደብር ነበር። ስሙን በጥንት ማሊያ ላይ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን የማርኩ ክር ከቀረው ስፌት ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የጥንት ማርክ ከሌላ ልብስ ተነቅሎ አዲስ ማሊያ ላይ ሊሰፋ ይችላል። ማርኩ ከሌለ ደግሞ አንገቱ ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን የሠሩ የመርፌ ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዩ። ቀዳዳ ካለ ማርክ ነበረው፤ ተነቅሏል።

የኔው ማሊያ ማርክ ዳሩ ነትቧል፤ ግን የልቃቂቱ ምልክት ይታያል። አጠገቡ 34 ይላል። በዚህች ጣት በማታክል ጨርቅ የሻጩ 1950ዎቹ አበቃ። ከ1964 በኋላ፣ መጠኑ ገና በኢንች በሚጻፍበት ጊዜ የተሠራ ነው።

5. ቀለሙን ከስፌቱ ውስጥ ውሰዱ

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቀለም ነው። እኔ ወደ አምስተኛ ደረጃ ያወረድኩት ቀለም ስለሚያታልል ነው። ፀሐይ የመታው ጥቁር ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል። ነጭ ሱፍ በጊዜ ብዛት ቅቤ ይመስላል። ወርቃማው ይነጣል። እውነተኛውን ቀለም ለማየት የጎን ስፌቱን በጣታችሁ ከፈት አድርጉና ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ እዩ። እዚያ ፀሐይ ገብቶ አያውቅም።

ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ቪክቶሪያ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ትልቅ ነጭ ቪ፤ አገሬው "ቢግ ቪ" ይለዋል። ደቡብ አውስትራሊያ ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ወርቃማ ቢጫ በአንድ ላይ። ምዕራብ አውስትራሊያ ወርቃማና ጥቁር፤ ምልክቷ ጥቁር ስዋን የምትባለው የውሃ ወፍ ናት። ታዝማኒያ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የደሴቷ ካርታ ደረቱ ላይ አለ፤ ካርታው ውስጥ ደግሞ "ቲ" ፊደል። የታዝማኒያው ሲታይ ስለሚያምር ይመስለኛል ብዙ ተመስሎ ይሠራል፤ በ2024 ይፋ የሆነው የአዲሱ የታዝማኒያ ክለብ ማሊያም ይህንኑ ካርታ ይዞ ነው የመጣው። ስለዚህ ካርታና ቲ ስላያችሁ ብቻ ጁን 13 ቀን 1960 ላውንስተን ላይ ቪክቶሪያን ያሸነፈው ቡድን ማሊያ ነው ብላችሁ አትዝለሉ።

ቀጥሎ ቪው ወይም ካርታው እንዴት እንደተሠራ እዩ። ማሊያውን ገልብጡት። ቪው ከውስጥም ከታየ፣ ቀለሙ ከሹራቡ ጋር አብሮ የተሠራ ወይም ተቆርጦ የተጋጠመ ነው። ስፌቱ ብቻ ከታየ፣ ከላይ የተለጠፈ ጨርቅ ነው። ምንም ካልታየና ከላይ ሲዳሰስ እንደ ላስቲክ ከሆነ፣ ታትሟል፤ ያ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ለደጋፊ የተሸጠ። የድርጅት ማስታወቂያ ያለበትም ቢሆን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ያለውን ዘመን ነው የሚያመለክተው።

ከድሮ ፎቶ ጋር ስታመሳክሩ አንድ ነገር እወቁ፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ምሽት አጥፍቻለሁ። እስከ 1920ዎቹ ድረስ በብዛት ይሠራበት የነበረው ፊልም ቀይን አያይም ነበር። ቀይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቢጫም ይጠቁራል። ሰማያዊ ግን በተቃራኒው ይነጣል። የኛ ባንዲራ እንኳ በዚያ ፊልም ቢነሳ ቀዩ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተነሳ ፎቶ ላይ ጥቁር የመሰላችሁ ማሊያ ቀይ ሊሆን ይችላል። ከፎቶው ላይ የመስመሩን ቅርጽ፣ ስፋቱንና የአንገቱን አሠራር ውሰዱ። ቀለሙን ተዉት።

6. ቁጥሩ ላይ ጊዜ ስጡ

የቪክቶሪያ ሊግ ቁጥር በመደበኛነት ማሊያ ላይ ያስገባው በ1912 ነው። ቁጥር የሌለው ማሊያ ከዚያ በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ተነቅሎበትም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ቀዳዳው ነው።

እንዲህ አድርጉ። የእጅ ባትሪ ማሊያው ውስጥ አስገቡና ከቁጥሩ በታች አብሩ። ቁጥሩ የተሰፋበትን ክር ተዉትና ዙሪያውን እዩ። ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች ብርሃን ያሾልካሉ። ስስ ወረቀት ከላይ አስቀምጡና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ቅዱ። ከዚያ ነጥቦቹን አገናኙ።

የኔን ማሊያ እንዲህ ሳደርገው ከ14 ዙሪያ የ3 ሆድና የ1 ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። 14 ከመሆኑ በፊት 31 ነበር። ይህ የሐሰት ምልክት እንዳይመስላችሁ። የግዛት ማሊያ ብዙ ጊዜ የማኅበሩ ንብረት ስለነበር ከዓመት ዓመት ይዘዋወራል፤ ቁጥሩም ይቀየራል። እንዲያውም ባዶ ቀዳዳ ያለበት፣ የተጣፈ፣ ክርኑ አካባቢ የሳሳ ማሊያ ሳይ የበለጠ አምነዋለሁ። የተጫወተ ማሊያ ይደክማል። ብብቱ፣ ትከሻውና ተጋጣሚ የሚይዘው የጎን ጨርቅ ይለጠጣል። ብል የበላው ቀዳዳ ግን ሌላ ነው፤ የትም ቦታ ይወጣል፣ ስለ ጨዋታ ምንም አይናገርም።

ቁጥርን ከተጫዋች ጋር ስታገናኙ ደግሞ ሰከን በሉ። ተጫዋች በክለቡ የሚለብሰውን ቁጥር በግዛት ቡድን ላያገኘው ይችላል። ቴድ ዊትን የፉትስክሬይ ክለብ ጀግና ነው፤ ሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፉትስክሬይ መሃል ብዙ ሳይርቅ ያለው ሜዳ በስሙ ተሰይሟል። ለቢግ ቪ የነበረው ፍቅር እስከ ሕይወቱ መጨረሻ አልለቀቀውም። በጁን 1995፣ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው፣ ከቪክቶሪያና ከደቡብ አውስትራሊያ ግጥሚያ በፊት በመኪና ሆኖ ሜዳውን ዞሮ ሕዝቡን ተሰናበተ። በክለቡ 3 ቁጥር ነበር። ይህ ማለት ግን 3 ቁጥር ያለው ነጭ ቪ ሁሉ የእሱ ነው ማለት አይደለም።

7. ለኩት

ከብብት እስከ ብብት ለኩና በሁለት አባዙ። የኔው 43 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 86። 34 ኢንችም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አልተኮማተረም፤ ሲሠራም ትንሽ ነበር። ለትልቅ ሰው በጣም ጠባብ ነው። የተማሪዎችና የወጣቶች ቡድኖችም የግዛታቸውን ማሊያ ይለብሱ ነበር፤ የኔውም በብዙ ግምት የልጅ ማሊያ ነው። ይህን ሳውቅ ቅር አላለኝም። አንድ የአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ለግዛቱ ተመርጦ ይህን ቪ ደረቱ ላይ ያደረገበትን ቀን አስባለሁ።

8. አሁን ወደ ወረቀት ሂዱ

ማሊያው የሰጣችሁን የዓመታት ክልል ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት "ትሮቭ" የሚባል ነጻ የጋዜጣ ማኅደር ኢንተርኔት ላይ አለው፤ በአብዛኛው እስከ 1954 ያሉ ጋዜጦች ይገኙበታል። ስትፈልጉ ማሊያ በሚጠራበት "ጃምፐር" በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ አትወሰኑ፤ ድሮ ጋዜጦቹ "ገርንዚ" የሚለውንም ይጠቀሙ ነበር። በሁለቱም ሞክሩ። የቪክቶሪያ ቤተ መጻሕፍትም የቡድን ፎቶዎች አሉት። ከ1912 ጀምሮ በሜዳ በር የሚሸጠው "ፉትቦል ሪከርድ" ደግሞ የተጫዋቾችን ስም ከነቁጥራቸው ያትማል። የግጥሚያውን ቀን ካወቃችሁ ቁጥሩን ወደ ስም የሚቀይርላችሁ እሱ ነው።

ግዛቶቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው የሚጋጠሙበት "ካርኒቫል" የተባለ ውድድርም ነበር። በ1908 ሜልበርን ተጀመረ፤ ያኔ ኒውዚላንድ ጭምር መጥታለች። በ1911 አደሌድ፣ በ1914 ሲድኒ፤ የሲድኒው አንደኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳበት ሰሞን ነው የተካሄደው። ከዚያ 1921 ፐርዝ፣ 1924 ሆባርት፣ 1927 ሜልበርን፣ 1930 አደሌድ፣ 1933 ሲድኒ፣ 1937 ፐርዝ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ 1947 ሆባርት፣ 1950 ብሪዝበን፣ 1953 አደሌድ፣ 1956 ፐርዝ፣ 1958 ሜልበርን፣ 1961 ብሪዝበን፣ 1966 ሆባርት፣ 1969 አደሌድ፣ 1972 ፐርዝ። አንድ ሰው "የ1943 ካርኒቫል ማሊያ" ቢላችሁ መልሱን አሁን ታውቁታላችሁ።

ኦክቶበር 8 ቀን 1977 ፐርዝ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። እስከዚያ ተጫዋች የሚሰለፈው ክለቡ ላለበት ግዛት ነበር። ፖሊ ፋርመር የምዕራብ አውስትራሊያ ልጅ ነው፤ በ1962 ቪክቶሪያ ውስጥ ወዳለው የጂሎንግ ክለብ ሲዛወር ግን የቪክቶሪያን ማሊያ ለበሰ። በዚያ ቀን "ለመጣህበት ግዛት ተጫወት" የሚለው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ፤ ምዕራብ አውስትራሊያም ቪክቶሪያን በ94 ነጥብ ልዩነት ረታች። ስለዚህ አንድ ተጫዋች ሁለት ግዛት ወክሎ ብታገኙት ስህተት ነው አትበሉ፤ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ።

9. የቤተሰቡን ታሪክ በመጨረሻ ስሙ

ታሪክ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ቀድሞ ከተሰማ ግን ዓይን የሚያየው የተባለውን ብቻ ነው። ጨርቁንና ቁጥሩን ከጨረሳችሁ በኋላ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ ከማን እጅ መጣ? የት ነበር የተቀመጠው? አብሮት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ሜዳልያ ነበር? "አባቴ ለቪክቶሪያ ነበር የተጫወተው፣ ማሊያው ግን የደቡብ አውስትራሊያ ነው" ቢሏችሁ ውሸት ነው አትበሉ። ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ማሊያ ይለዋወጡ ነበር። እንዲያውም እንዲህ ያለው የተጣረሰ ታሪክ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

10. ጻፉና አስቀምጡ

ያገኛችሁትን በትንሽ ካርድ ላይ ጻፉ። ያረጋገጣችሁትንና የገመታችሁትን ለየብቻ አድርጉ። የኔው ካርድ እንዲህ ይላል፦ "ቪክቶሪያ። ሱፍ፣ መጠን 34 ኢንች። ከ1964 በኋላ የተሠራ። ቁጥር 14፤ ቀድሞ 31። ግምት፦ የወጣቶች ቡድን፣ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት። የለበሰው፦ አልታወቀም።" ካርዱን ማሊያው ላይ አትስፉት፣ በመርፌ ቁልፍም አትውጉት። አብሮት ይቀመጥ።

ብል ከጠረጠራችሁ በፕላስቲክ ከረጢት በደንብ አሽጉና ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ከረጢቱን ሳትከፍቱ አንድ ቀን ሙሉ ይቆይ፤ አለበለዚያ እርጥበት ሱፉ ላይ ያርፋል። መስቀያ ላይ አትስቀሉት፣ ሱፍ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። እናቶቻችን የክት ቀሚስ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ እንደሚያስቀምጡት፣ እናንተም በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ዘርግታችሁ አስቀምጡት። እጥፋቱን በየጥቂት ወሩ ቦታ ቀይሩለት። ያኔም ባትሪዋን ይዛችሁ አንዴ ውስጡን እዩት፤ እኔ 31ን ያገኘሁት በሦስተኛው ጊዜ ነው።